ሳይቃጠል በቅጠል፦ የዓሣ ማጥመጃን ዕድሜ የሚያረዝሙ ትንንሽ መሣሪያዎች

በዚህ ሳምንት ስለ ዓሣ ማጥመጃ ዕቃ አያያዝ እናወራለን። ዓሣ እንዴት እንደሚያዝ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ሞልተዋል። ከውኃ ዳር ከተመለስን በኋላ ዘንጉን፣ መንጠቆውንና ክሩን ምን እናድርጋቸው የሚለውን ግን የሚያነሣው ሰው ጥቂት ነው። ዕቃው የሚበላሸው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ነው፤ እርጥብ እንደሆነ ጋራዥ ወይም የመኪና ሻንጣ ውስጥ ሲከርም።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚል ተረትና ምሳሌ አለን። እሳቱ ትንሽ እያለ በቅጠል መትቶ ማጥፋት ይቻላል፤ ከተስፋፋ በኋላ ግን ቅጠል አይበቃውም ማለት ነው። ዝገትም እንዲሁ ነው። ዛሬ በጨርቅ የሚጠረግ ጠብታ ከሁለት ወር በኋላ ሪሉን አላዞር ይላል።

እኔ በሙያዬ የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ። በእኛ ሥራ አንድ የታወቀ ነገር አለ። አንድ ጥገና ብዙ ጣጣ ካለው ሰው ለነገ ያስተላልፈዋል፤ ነገ ደግሞ የራሱ ሥራ አለው። ስለዚህ ሰውን «አትስነፍ» ብሎ ከመምከር ሥራውን ማቅለል ይሻላል። ለዓሣ ማጥመጃም ይኸው ነው። ትክክለኞቹ ትንንሽ መሣሪያዎች በአንድ ሣጥን ውስጥ ከተቀመጡ፣ ከጉዞ በኋላ የሚያስፈልገው ሃያ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ከመሣሪያዎቹ ብዙዎቹን ቤታችሁ ውስጥ ታገኛላችሁ።

በመጀመሪያ ስሞቹን እንወቅ

ረጅሙ እንጨት መሰል ነገር ዘንግ ይባላል። በዘንጉ ላይ ክሩ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች አሉ። ክሩ የሚጠቀለልበት፣ በእጅ የሚዞረው ማሽን ሪል ነው። ዓሣውን የሚይዘው ጠማማ ሹል ብረት መንጠቆ ነው። ክሩ እንዲሰምጥ የምናስርበት ከባድ ነገር ደግሞ እርሳስ ይባላል።

ለጥገናው የሚያስፈልጉን ዕቃዎች ስሞችም ደስ ይላሉ። ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ ግራሶ፣ ኩሽኔታ የሚሉትን ቃላት አዲስ አበባ ውስጥ ወደ የትኛውም ጋራዥ ብትገቡ ትሰማላችሁ። አራቱም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ፒንሳ የምንይዝበትና የምንጎትትበት ነው፤ ካቻቪቴ ብሎን ይፈታል፤ ግራሶ ወፍራም ቅባት ነው፤ ኩሽኔታ ደግሞ ነገሮች በቀላሉ እንዲዞሩ የሚያደርግ፣ በውስጡ ትንንሽ የብረት ኳሶች ያሉበት ቀለበት ነው። ሪል ውስጥም ኩሽኔታ አለ።

ውኃ፣ ጨርቅና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ

ዱባይ ወይም ጅዳ ባሕር ዳር የምታጠምዱ ከሆነ ዋናው ጠላታችሁ ጨው ነው። ጨው እርጥበት ይስባል፤ ብረትን በፍጥነት ያዝጋል። ስለዚህ ቤት እንደገባችሁ ዘንጉንና ሪሉን ጨው በሌለው ንጹሕ ውኃ እጠቡ። ዋሽንግተን አጠገብ ፖቶማክ ወንዝ ላይ ያጠመደ ሰው የጨው ችግር ባይኖርበትም ጭቃና አሸዋ አይቀርለትም።

አስተጣጠቡ ብልሃት አለው። ሪል ፍሬን አለው። ዓሣው በኃይል ሲጎትት ክሩ እንዳይበጠስ በመጠኑ እየለቀቀ የሚሄደው ክፍል ማለት ነው። ከማጠባችሁ በፊት ፍሬኑን አጥብቁት፤ ውኃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይረዳል። ከዚያ ውኃውን በቀስታ አፍስሱበት። በኃይለኛ የቧንቧ ውኃ አትምቱት፤ ጨውንና አሸዋን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ባልዲ ውስጥም አትንከሩት። በቀለበቶቹ ሥርና በመገጣጠሚያዎቹ ላይ የተጣበቀውን ቆሻሻ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያወጣዋል። የዘንጉ እጀታ ከቡሽ የተሠራ ከሆነ ለብ ያለ ውኃና ትንሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይበቃዋል።

ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ጠርጉና ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አቁሙት። ሲደርቅ ፍሬኑን አላሉት። ፍሬን ውስጥ ያሉት ስስ ቀለበቶች ተጨምቀው ከከረሙ ቅርጻቸው ይበላሻል፤ በሚቀጥለው ጊዜም ክሩን በእኩል ከመልቀቅ ይልቅ እየነጠቁ ይለቃሉ።

ዘንጋችሁ ለሁለት የሚከፈል ከሆነ መጋጠሚያውን ጥረጉና ሻማ አሹበት። ሰሙ መጋጠሚያው አጥብቆ እንዲይዝ፣ ስትፈልጉም በቀላሉ እንዲላቀቅ ያደርጋል።

ማድረቅ የሚጠቅመው ዕቃውን ብቻ አይደለም። እርጥብ መረብ፣ ጫማና ባልዲ ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው የማይፈለግ ሕይወት ይዞ ይሄዳል። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች በ1980ዎቹ መጨረሻ የታየው የሜዳ አህያ መልክ ያለው ትንሽ ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት፣ ዜብራ መስል የሚባለው፣ ከዚያ ወዲህ ወደ ብዙ ወንዞችና ሐይቆች ተዛምቷል። በጀልባና በማጥመጃ ዕቃ ላይ ተጣብቆ ይጓዛል። በአገራችንም ጣና ሐይቅን ያስጨነቀውን እምቦጭ ወላጆቻችሁ ሳይሰሙት አይቀሩም። እምቦጭ በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ አረም ነው፤ ከአንድ ቁራጭ ተነሥቶ ሰፊ ቦታ ይሸፍናል። አጥቦ፣ ውኃውን አፍስሶ፣ አድርቆ መሄድ ለሐይቁም መድኃኒት ነው።

ጥጥ፦ ርካሹ መርማሪ

የዘንጉ ቀለበቶች በውስጣቸው ለስላሳ ሴራሚክ አላቸው። ዘንጉ ድንጋይ ላይ ከወደቀ ሴራሚኩ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ በዓይን ላይታይ ይችላል፤ ክሩን ግን እንደ ምላጭ ይልጠዋል። ክሩ የሚበጠሰው ደግሞ ትልቁ ዓሣ ሲመጣ ነው። ያ ዓሣ መንጠቆውን በአፉ ይዞ፣ ክሩን እየጎተተ ይሄዳል። ለእናንተ የጠፋ ዕድል ነው፤ ለዓሣው ግን ሥቃይ ነው።

ይህን ለመመርመር ትንሽ ጥጥ በቂ ነው። ጥጡን በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ አዙሩት። ጭረት ካለ የጥጡ ጭራ ተይዞ ይቀራል። ስስ የሴቶች ስቶኪንግም ይህንኑ ይሠራል። ጥጡ የተያዘበት ቀለበት በሞረድ አይስተካከልም፤ የማጥመጃ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ወስዳችሁ አስቀይሩት። አንድ ቀለበት ማስቀየር አዲስ ዘንግ ከመግዛት በእጅጉ ይረክሳል።

ሞረድና የአውራ ጣት ጥፍር

ሞረድ ብረት የሚሳልበት ሸካራ መሣሪያ ነው። ለመንጠቆ የሚሆነው ትንሹና ጥርሱ የደቀቀው ነው፤ ኪስ ውስጥ ይገባል።

መንጠቆው ስለት እንዳለው ለማወቅ ጫፉን በአውራ ጣታችሁ ጥፍር ላይ በጣም በቀስታ ሳቡት። ጥፍሩ ላይ ያዝ ካደረገ ሹል ነው። ከተንሸራተተ ደንዟል። የደነዘ መንጠቆ የዓሣውን አፍ ይቧጭረዋል እንጂ በደንብ አይዘውም።

ለመሳል መንጠቆውን በፒንሳ አጥብቃችሁ ያዙት። በሞረዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ሦስት ጊዜ በቀስታ ሳቡ። ወዲያና ወዲህ አትፈትጉት። ብዙ ከሞረዳችሁት ጫፉ ይሳሳና ይታጠፋል። በጣም ስስ የሆኑትን መንጠቆዎች ከመሞረድ መቀየሩ ይሻላል። ዝገት የበላውን መንጠቆም ጣሉት፤ ግን ባዶውን ቆሻሻ ከረጢት ውስጥ አትጨምሩት። ክዳን ያለው ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ አጠራቅሙ። የቆሻሻ ሠራተኛው እጅም እጅ ነው።

ክሩን ማውጣትና መጠቅለል

ከናይለን በፊት የማጥመጃ ክር ከሐር ወይም ከተልባ እግር ይሠራ ነበር። እነዚህ ክሮች እርጥብ ሆነው ከቆዩ ይበሰብሳሉ። ስለዚህ የዚያ ዘመን አጥማጆች ክር ማድረቂያ መንኮራኩር ነበራቸው፤ ቤት ሲገቡ ክሩን ሁሉ ከሪሉ አውጥተው እዚያ ላይ ያሰጡት ነበር። ዋላስ ካሮዘርስ የተባለው ኬሚስት በአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ ውስጥ ናይለንን በ1935 (እ.ኤ.አ.) ከሠራ በኋላ ያ ድካም ቀረ። ናይለን አይበሰብስም። ግን የፀሐይ ብርሃን ያደክመዋል፤ ሪል ላይ ብዙ ከቆየም እንደ ምንጭ ይጠቀለላል። ደጋግማችሁ የምታጠምዱ ከሆነ በዓመት አንድ ጊዜ መቀየር ጥሩ ነው።

አሮጌውን ክር ለማውጣት በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ክር ማውጫ ይሸጣል። ባይኖራችሁ ክሩን በባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ ጠቅልሉት፤ ትንሽ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ሥራው አንድ ነው።

አዲሱን ክር ስትጠቀልሉ ደግሞ ሁለት ሰው ቢሆን ይቀላል። አንዱ ሪሉን ያዞራል፤ ሌላው ክሩን በእርጥብ ጨርቅ ይዞ ጠበቅ ያደርገዋል። የክሩን ጥቅል መሬት ላይ አጋድሙት። ሃያ ጊዜ ያህል አዙሩና ክሩን ልል አድርጋችሁ ተመልከቱ። ከተጠማዘዘ ጥቅሉን ገልብጡት። ክሩ ከሪሉ ጥቅል ጠርዝ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊሜትር ሲቀረው አቁሙ። ከዚያ በላይ ከሞላ ስትወረውሩ በአንድ ጊዜ ተዘርግፎ ይወሳሰባል፤ ካነሰ ደግሞ ሩቅ አይሄድም።

አሮጌው ክር የት ይሄዳል? ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው። ናይለን ውኃ ዳር ቢጣል እጅግ ለረጅም ዓመታት አይጠፋም። ወፎች እግራቸውንና ክንፋቸውን ይጠልፋቸዋል። ሐዋሳ የሄዳችሁ አሞራ ገደልን ታስታውሱታላችሁ፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ረጃጅም ወፎች ከአጥማጆቹ አጠገብ ቆመው የዓሣ ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። በየትኛውም አገር ወፎች ዓሣ አጥማጅ ባለበት ይሰበሰባሉ። ስለዚህ የተጣለ ክር በትክክል እነሱ በሚቆሙበት ቦታ ላይ ነው የሚገኘው።

በአሜሪካ ብዙ የማጥመጃ ቦታዎች ላይ ለአሮጌ የናይለን ክር የተዘጋጁ የፕላስቲክ ቱቦዎች አሉ። ክሩ ከዚያ ተሰብስቦ እንደገና ሥራ ላይ ይውላል። የተገመደው ክር ግን እዚያ አይገባም። ቱቦ በሌለበት አገር ክሩን በመቀስ አጫጭር አድርጋችሁ ቆራርጡና ክዳን ያለው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጨምሩ።

ዘይት፣ ግራሶና የእንቁላል ካርቶን

ዘይትና ግራሶ አንድ አይደሉም። በፍጥነት ለሚዞሩት ክፍሎች፣ ማለትም ለኩሽኔታዎቹ፣ ለእጀታው ማዞሪያና ክሩ ለሚያልፍበት ትንሽ ተሽከርካሪ፣ አንድ አንድ ጠብታ የሪል ዘይት ይበቃል። ውስጥ ላሉት ጥርሶች ግን ወፍራሙ ግራሶ ይሻላል፤ ከቦታው አይፈስም። ከመጠን በላይ ካደረጋችሁ አሸዋ ይሰበስባል።

ብዙ ቤት ውስጥ ያለው ሰማያዊና ቢጫ ቆርቆሮ፣ ደብልዩ ዲ 40፣ ይህን ቦታ አይተካም። ይህ ምርት በ1953 (እ.ኤ.አ.) ሳንዲያጎ ውስጥ የተሠራው እርጥበትን ለማባረርና ዝገትን ለመከላከል ነበር። ስሙ ላይ ያለው 40 ቁጥር አርባኛው ሙከራ መሆኑን ያመለክታል። የረጠበ ፒንሳ ላይ ብትረጩት ይጠቅማል፤ ለሪል ግን ለሪል የተሠራውን ዘይት ተጠቀሙ።

ሪሉን መፍታት ካስፈለገ ሁለት ነገሮች አዘጋጁ፤ ባዶ የእንቁላል ካርቶንና ስልካችሁን። በእኛ ሥራ አንድን ፕሮግራም ከመቀየራችን በፊት የነበረበትን ሁኔታ እናስቀምጣለን፤ ቢበላሽ ወደ ኋላ ለመመለስ። እዚህም አንድ ብሎን በፈታችሁ ቁጥር ፎቶ አንሡ። የፈታችሁትን በካርቶኑ የመጀመሪያ ጉድጓድ አስቀምጡ፤ ቀጣዩን በሁለተኛው፤ እንዲህ እያላችሁ ቀጥሉ። ስትገጥሙ ከመጨረሻው ጉድጓድ ጀምራችሁ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። ከጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ ብሎን መፈለግ ቀረ ማለት ነው። ካቻቪቴው ግን ለብሎኑ ልክ መሆን አለበት፤ ልኩ ያልሆነ ካቻቪቴ የብሎኑን ራስ ይበላዋል።

ፒንሳ፣ ጥፍር መቁረጫና እርሳስ

አንዳንድ ሰው ሠራሽ ማባበያዎች ላይ መንጠቆው የሚታሰረው የቁልፍ መያዣ በሚመስል ድርብ ቀለበት ነው። ይህን ቀለበት በጥፍር ለመክፈት የሞከረ ሰው ሕመሙን ያውቀዋል። ለዚህ የተሠራ ፒንሳ አለ፤ ጫፉ ላይ አንድ ትንሽ ጥርስ አለችው፤ ቀለበቱን ገብታ ትከፍተዋለች። አፈ ረጅሙ ፒንሳ ደግሞ መንጠቆን ከዓሣው አፍ ለማውጣት ይሆናል፤ ዓሣውን መልሰን የምንለቀው ከሆነ ቶሎ እንድናወጣለት ይረዳናል።

ክርን በጥርስ አትቁረጡ። የጥርስ ሐኪም ከማጥመጃ ዕቃ ሁሉ ይወደዳል። ለናይለን ክር ጥፍር መቁረጫ ይበቃል፤ ለተገመደው ክር ስለታም መቀስ ያዙ። ጥፍር መቁረጫውን በገመድ አንገታችሁ ላይ ብታንጠለጥሉት ውኃ ውስጥ አይወድቅም።

አሁን ወደ እርሳስ እንምጣ። በቅርቡ የአንድ ጓደኛዬ የአሥር ዓመት ልጅ ይህን ቃል ሰምታ፣ «ጋሼ፣ እርሳስ መጻፊያ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። ልክ ናት። በአማርኛ ለመጻፊያውም ለብረቱም አንድ ቃል ነው ያለን። በመጻፊያው ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ግራፋይት ነው፤ አይጎዳም። ከባዱ ግራጫ ብረት ግን መርዝ ነው፤ በተለይ ለትንንሽ ልጆች። አንዳንድ አጥማጆች ትንሹን የእርሳስ ፍሬ ክሩ ላይ ለማጣበቅ በጥርሳቸው ይነክሱታል። ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም፤ ፒንሳ የተሠራው ለዚህ ነው። እርሳስ ከነካችሁ በኋላ ምግብ ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ወፎችንም ይገድላል። በእንግሊዝ ስዋን የሚባሉት ነጫጭ የውኃ ወፎች የወደቀ እርሳስ እየዋጡ ይሞቱ ስለነበር፣ ከ1987 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ክብደቱ ከ0.06 ግራም በላይ እስከ 28.35 ግራም የሆነ የማጥመጃ እርሳስ መሸጥ ተከልክሏል። ዛሬ ከቆርቆሮ፣ ከብረትና ከተንግስተን የተሠሩ ምትኮች አሉ። ሣጥናችሁ ውስጥ ያለው ሲያልቅ እነዚህን ግዙ።

ሣጥኑን ማዘጋጀት

አዲስ ጫማ ስትገዙ ካርቶኑ ውስጥ የምታገኟትን ትንሽ የወረቀት ከረጢት አትጣሏት። በውስጧ ያለው ሲሊካ ጄል እርጥበት ይመጥጣል። ሁለት ሦስቱን መንጠቆ ያለበት ሣጥን ውስጥ አስቀምጡ። ታናናሽ ወንድምና እኅት ካሏችሁ ግን አፋቸው ውስጥ እንዳያስገቡት ከፍ አድርጋችሁ አኑሩ። ከጉዞ በኋላ ሣጥኑን ወዲያው አትዝጉት፤ ክዳኑን ከፍታችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩት። ለስላሳ የፕላስቲክ ማባበያዎችን በመጡበት ከረጢት ውስጥ አቆዩ፤ ከሌላ ፕላስቲክ ጋር ሲነካኩ አንዳንዶቹ ይቀልጣሉ፤ ሣጥኑንም ያበላሻሉ።

እንግዲህ የጥገና ሣጥናችሁ ይህን ይመስላል፦ ጨርቅ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ጥጥ፣ ሻማ፣ ትንሽ ሞረድ፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ ጥፍር መቁረጫ፣ መቀስ፣ የሪል ዘይት፣ ግራሶ፣ የእንቁላል ካርቶንና ለአሮጌ መንጠቆ የሚሆን ጠርሙስ። ከእነዚህ የምትገዙት ሦስት ወይም አራት ቢሆን ነው። ሣጥኑን ከዘንጉ አጠገብ አኑሩት። ሌላ ክፍል ከሆነ አይነካም።

በጣና፣ በዝዋይና በሐዋሳ ዳርቻ አጥማጆች ከውኃ ሲወጡ መረባቸውን ዘርግተው የተቀደደውን ይጠግናሉ። ለእነሱ መረቡ እንጀራቸው ነው። ለእኛ ማጥመድ የዕረፍት ቀን ደስታ ነው፤ ግን ይህ ሥራ ሌላ ትርፍ አለው። አባት ብሎን ሲፈታ ልጅ ካርቶኑን ይይዛል። እናት ክሩን ስታጠብቅ ልጅ ሪሉን ያዞራል። በዚያ መሃል «አላላው»፣ «አጥብቀው»፣ «ቀስ በል»፣ «ያችን ብሎን አቀብለኝ» የሚሉ ቃላት ይመላለሳሉ። እነዚህን ግሦች ከመጽሐፍ ከማጥናት ይልቅ ፒንሳ ይዞ መማር ይቀላል። በዚህ ሳምንት አንድ ዘንግ መርጣችሁ ከቤተሰባችሁ ጋር ሞክሩት፤ ሥራውንም በአማርኛ ብቻ ተነጋገሩበት።

የዛሬ ቃላት

ሞረድ — ብረት የሚሳልበት ሸካራ መሣሪያ
መንጠቆ — ዓሣ የሚያዝበት ጠማማ ሹል ብረት
ዝገት — እርጥበት ብረትን ሲበላው የሚወጣው ቀይ ቡናማ ነገር
ደነዘ — ስለቱን አጣ
አጠበቀ — እንዳይንቀሳቀስ አድርጎ ያዘ
አላላ — ጥብቅ የነበረውን ለቀቅ አደረገ
ጠቀለለ — እያዞረ በአንድ ነገር ላይ አደረገ
ከረመ — ለረጅም ጊዜ ቆየ

ሰላም ሁኑ፤ በሚቀጥለው ሳምንት እንገናኝ።